የድመት ግልገል ወደ ቤት ስናመጣ

የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ባለባት በሰበታም ሆነ በቡራዩና በሱሉልታ፣ እህል ያለበት ቤት ድመት ይፈልጋል። ዳሩ ግን ብዙ ሰው ግልገሏን ዐይኗ እንደ ተገለጠ ከእናቷ ነጥቆ ያመጣታል፤ «ከጠገበች አይጥ አትይዝም» ብሎም ያስርባታል። ይህ ትክክል አይደለም። ድመት በተፈጥሮዋ አዳኝ ናት፤ ጠግባም ታድናለች። ግልገልም ቢያንስ 8 ሳምንት ከእናቷ ጋር ልትቆይ ይገባታል።

ከሁሉ የሚበልጠው ክትባት ነው። «የእብድ ውሻ በሽታ» የሚለው ስም ድመትን ያስረሳናል፤ ነገር ግን በሽታው እርሷንም ይይዛል፣ ወደ ሰውም ይተላለፋል፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ ማዳኛ የለውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ 3 ወር ሲሞላት አስከትቧት። ጓደኞቼ ሆይ፣ ብትነክሳችሁ ወይም ብትቧጭራችሁ ቁስሉን 15 ደቂቃ በውኃና በሳሙና አጥባችሁ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። እህላችንን የምትጠብቅልንን ፍጥረት እኛም ልንጠብቃት ይገባል።