ሲስተርን ከመውቀሳችሁ በፊት

የይፋግ ልጅ ናት። በጤና ጣቢያ ነርስ ሆና ስታገለግል ቆይታ፣ ባሕር ዳር ካለ አንድ የግል የኩላሊት እጥበት ክሊኒክ «ነይ፣ አሠልጥነን እንቀጥርሻለን» ተብላለች። ምን ልመልስ ብላ ስታወጣ ስታወርድ ሰፈሩ ቀድሞ ፈረደባት፤ «ድሃውን ጥላ ወደ ብር ልትሄድ ነው» አላት።

እኔ ግን ሂጂ ባይ ነኝ።

እጥበት አንዴ ታክመው የሚገላገሉት ነገር አይደለም። በተለምዶ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየቀኑ አራት ሰዓት ገደማ ነው፤ በዓመት 156 ጊዜ ማለት ነው። ደሙ ወጥቶ ተጣርቶ ሲመለስ የበሽተኛው ግፊት ድንገት ቢወርድ፣ ደሙ ቱቦው ውስጥ ቢረጋ፣ ቀድማ የምትደርስለት አጠገቡ ያለችው ነርስ ናት። የሠለጠነ ነርስ የሌለው ማሽን ከቁም ሳጥን አይሻልም።

«የግል ክሊኒክ የሚያጥበው ገንዘብ ያለውን ነው» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው። ከይፋግ በወረታ አድርጎ በሳምንት ሦስቴ የሚመላለስ ገበሬ መጀመሪያ በሬውን፣ ቀጥሎ የቤቱን ቆርቆሮ ይሸጣል። ታዲያ ይህን ያመጣችው እሷ ናት? በግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች «ደመወዛችን አያኖረንም» ብለው ሥራ ሲያቆሙ ስንቶቻችን ከጎናቸው ቆምን? ያኔ ዝም ያለ አፍ ዛሬ «ከዳችን» ለማለት ምን ድፍረት አለው?

መንግሥት እጥበቱን በአቅራቢያችን ባለ የሕዝብ ሆስፒታል ያስፋፋ፤ ሙያውን የያዘችውንም በሚያኖር ደመወዝ ይጥራት። እስከዚያው ሲስተር፣ ሂጂና ሙያውን ያዢ። ነገ ለእኛው ነው።