የቺካጎን አወቅን፤ የግቢያችንንስ?

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ፊልም ነው። «አስተማሪው ደግሞ ፈተና ማረሙን ትቶ ሲኒማ ጀመረ» ብላችሁ እንዳትታዘቡኝ፤ ያየሁት ፈተናውን አርሜ ከጨረስሁ በኋላ ነው።

እዚህ ደሴ፥ ሰኞ ገበያ አጠገብ፥ አንድ አብሮ አደጌ አነስተኛ የኮምፒውተር ቤት አለው። ቀን ቀን ማመልከቻ ይጽፋል፥ ፎቶግራፍም ያትማል፤ ማታ ሥራው ቀዝቀዝ ሲል ደግሞ ለእኔና የመንግሥት ሥራ ለያዙት ለሁለቱ ጓደኞቻችን ፊልም ይከፍትልናል። ከጥቂት ሳምንት በፊት ያመጣልን ፊልም ግን በአንድ ማታ የሚያልቅ አልነበረም። ዐሥር ክፍል ያለው፥ ስለ ቅርጫት ኳስ ያለፈ ዘመን የሚተርክ ዘጋቢ ፊልም ነው። «ዘ ላስት ዳንስ» ይባላል፤ የመጨረሻው ጭፈራ እንደ ማለት ነው። መጀመሪያ የታየው በ2012 ዓ.ም. በሚያዝያና በግንቦት፥ ሰው ሁሉ በኮሮና ምክንያት ቤቱን ዘግቶ በተቀመጠበት ጊዜ ነበር። እኛ ዘግይተን፥ በየማታው ሁለት ሁለት ክፍል እያየን፥ በአምስት ቀን ጨረስነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቺካጎ ቡልስ የተባለው የአሜሪካ ቡድን እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 1998 ባለው ጊዜ ውስጥ ስድስት ጊዜ ሻምፒዮን ሆኗል። የስድስተኛው ዓመት ውድድር ሊጀመር ሲል፥ ሥራ አስኪያጁ ጄሪ ክራውስ አሠልጣኙን ፊል ጃክሰንን «ብታሸንፍም ብትሸነፍም ይህ የመጨረሻ ዓመትህ ነው» አለው። አሠልጣኙም ዘመኑን «የመጨረሻው ጭፈራ» ብሎ ሰየመው። በዚያው ዓመት ፊልም አንሺዎች ቡድኑን ከልብስ መለወጫው ክፍል ጀምሮ እስከ አውሮፕላኑ ድረስ እንዲከተሉት ተፈቀደላቸው። ያነሡት ሥዕል ከ500 ሰዓት በላይ ነበር። ነገር ግን ማይክል ጆርዳን እሺ እስኪል ድረስ ያ ሁሉ ሥዕል ሃያ ዓመት ያህል ተቀምጦ ቆየ።

እውነቱን ለመናገር፥ የመጀመሪያው ማታ ግር ብሎኝ ነበር። ፊልሙ ከ1998 ተነሥቶ ወደ 1984 ይመለሳል፥ እንደገና ወደ ፊት ይዘላል። ከሦስተኛው ክፍል በኋላ ግን ለመድሁት፤ እንዲያውም አዛውንት ሲያወጉ እንደሚያደርጉት መሆኑን ተረዳሁ። አንዱን ነገር ጀምረው፥ «ቆይ፥ እሱ ከመሆኑ በፊት» እያሉ ወደ ኋላ ይወስዱናልና።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው የድል ጩኸቱ አይደለም። የጆርዳን አባት እ.ኤ.አ. በ1993 በሰው እጅ ተገድለው ነበር። ልጁ በ1996 ዋንጫውን መልሶ ሲወስድ ቀኑ በአሜሪካ የአባቶች ቀን ሆኖ ተገኘ። ያን የሚያህል ሰው ኳሱን አቅፎ፥ ወለል ላይ ተዘርግቶ ሲያለቅስ ይታያል። ስቲቭ ኬር የተባለው ጓደኛውም አባቱ በ1984 ቤሩት ላይ በጥይት የተገደሉበት ነው። ሁለቱ ሰዎች አንድ ዓይነት ሐዘን ይዘው በአንድ ሜዳ ሲሮጡ ስለዚሁ ነገር አንድም ቀን አለመነጋገራቸውን ስሰማ፥ «ለካ ወንድ ልጅ ሐዘኑን የሚደብቀው እኛ ዘንድ ብቻ አይደለም» አልሁ። ልምምድ ላይ ጆርዳን ኬርን በቡጢ የመታው ጊዜም ነበር። በ1997 የመጨረሻ ጨዋታ ላይ ግን፥ ጥቂት ሴኮንድ ሲቀር፥ ኳሱን ለዚያው ለኬር ሰጠው፤ ኬርም አገባት።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር ቅር አሰኝቶኛል። ፊልሙ የተሠራው በባለ ታሪኩ ፈቃድ ነው። ክራውስ በብዙ ቦታ ይወቀሳል፥ ይሾፍበታልም፤ እርሱ ግን እ.ኤ.አ. በ2017 ስለ ሞተ መልስ መስጠት አልቻለም። ስኮቲ ፒፐንም በ2021 ባወጣው መጽሐፉ ፊልሙ ለአንድ ሰው ያደላ ነው ብሎ አማሯል። የታሪክ አስተማሪ ባልሆንም፥ ይህን ለተማሪዎቼ መንገር ይገባኛል፤ ታሪክ የሚጻፈው ቀድሞ በተናገረው ሰው አፍ ነው። ዝም ያለውና የሞተው በሌላው አፍ ይኖራሉ፤ የሚናገርላቸው ከጠፋ ደግሞ ጭራሽ አይኖሩም።

አሁን ወደ አምስተኛው ማታ ልውሰዳችሁ። ዐሥረኛው ክፍል ሊያልቅ ነው። ጨዋታው በዩታ ነው፤ ቺካጎ በአንድ ነጥብ ወደ ኋላ ቀርቷል። እ.ኤ.አ. ሰኔ 14 ቀን 1998 እሑድ ማታ ነው፤ በእኛ አገር ሰኞ ሊነጋ ሲል መሆኑ ነው። እኔ ገና አልተወለድሁም። የዚያን ቀን የገጠሩ ሰው እህሉን በአህያ ጭኖ ወደዚሁ ወደ ሰኞ ገበያ መንገድ ላይ ነበረ። ጆርዳን ኳሷን ነጥቆ፥ እያነጠረ መጣ፤ ሊወረውር ሲል መብራት ጠፋ።

የጩኸታችንን ነገር አታንሡት። ያን ጊዜ በጨለማው ውስጥ ከበሩ አጠገብ የአንድ ሽማግሌ ድምፅ ተሰማ። የሞተች እኅታቸውን ፎቶግራፍ ሊያስተልቁ መጥተው፥ ዝናቡ እስኪያባራ የተቀመጡ ሰው ናቸው።

«ልጆቼ፥ መብራቱ እስኪመጣ እኔ ላጫውታችሁ። እኛም እኮ ይህን ኳስ እንጫወት ነበር» አሉ።

«እርስዎ አባባ? የት?» አልናቸው።

«እዚሁ ደሴ፥ ተማሪ ሳለሁ። ሜዳው አፈር ነው፤ ክረምት ሲሆን ኳሱ ጭቃ ውስጥ ይቀራል እንጂ አይነጥርም። ቀለበቱን የሠራልን ብረት ቀጥቃጭ ነው። መረብ አልነበረውም፤ ስለዚህ ገባ አልገባም እያልን እንጣላለን። በኋላ አንድ አሜሪካዊ አስተማሪ መጥቶ ሕጉን አስተማረን» አሉን።

የመጀመሪያዎቹ የአሜሪካ የሰላም ጓድ አስተማሪዎች አገራችን የገቡት በ1955 ዓ.ም. መጀመሪያ ገደማ ስለ ነበረ፥ ነገሩ ከዚያ ወዲህ መሆኑን ገመትሁ። ከዚያ ሽማግሌው የአምስቱን ተጫዋቾች ስም በጣታቸው እየቆጠሩ ይጠሩልን ጀመር። አንደኛው ራሳቸው ናቸው። ሁለተኛው፥ ሦስተኛው፥ አራተኛው ተጠሩ። አምስተኛው ላይ ሲደርሱ ዝም አሉ።

«ግራኝ ነበር። ፊቱ አሁን ይታየኛል። ስሙ ግን … ፎቶው ቢኖር ከኋላው ተጽፎ ነበር። እሱም በ2014ቱ ጦርነት ከቤታችን ከወጣው ዕቃ ጋር ጠፋ» አሉ።

መብራቱ መጣ። ጆርዳን ወረወረ፥ ገባችም፤ ቺካጎ 87 ለ86 አሸነፈ። እኛ ግን እንዳሰብነው አልጮኽንም። ሽማግሌው እኔን እያዩ፥ «ይህ ልጅ ዕድለኛ ነው፤ የሚያስታውስለት መሣሪያ አለው» ብለው ፎቶግራፋቸውን ተቀብለው ወጡ።

በማግሥቱ ክፍል ገብቼ ተማሪዎቼን ሦስት ጥያቄ ጠየቅኋቸው። የመጀመሪያው፥ በ1998 የመጨረሻዋን ኳስ ያገባው ማን ነው? የሚል ነበር። ብዙ እጅ ተነሣ። ሁለተኛው፥ በጥር 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያ የአፍሪካን የእግር ኳስ ዋንጫ ስትወስድ ያገቡት እነማን ናቸው? አልሁ። ጥቂት እጅ ተነሣ፤ ሉቺያኖ ቫሳሎ፥ ወንድሙ ኢታሎ፥ መንግሥቱ ወርቁ ተባለ። ግርማ ተክለን የጠራው አንድ ልጅ ብቻ ነው። ሦስተኛው፥ በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር ካይሮ ላይ የመጀመሪያው የአፍሪካ የቅርጫት ኳስ ሻምፒዮና ተደርጎ ነበር፤ ኢትዮጵያስ ተካፍላ ነበርን? ስል፥ ክፍሉ ጸጥ አለ። ከኋላ አንዱ፥ «ቲቸር፥ እኛም ቅርጫት ኳስ እንጫወት ነበር እንዴ?» ቢል ክፍሉ በሙሉ ሳቀ።

ተካፍላ ነበር። በአንድ ዓመት፥ በሁለት ወር ልዩነት፥ ሁለት ቡድን ለአንድ ባንዲራ ተጫወተ። ዋንጫ ያመጣው በሰው አፍ ቀረ፤ ያላመጣው ጠፋ። ከጓደኞቼ አንዱ፥ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው፥ «ታዲያ ምን ይገርማል? የተሸነፈን ማን ይተርካል?» አለኝ። እኔ ግን አልተስማማሁም። የዚያ ፊልም ጣፋጭ ክፍል እኮ ቺካጎ በዲትሮይት ሦስት ዓመት በተከታታይ፥ በ1988፥ በ1989ና በ1990፥ መሸነፉን የሚተርከው ነው። ያ ሽንፈት ባይነገር ድሉ ከየት እንደ መጣ አይታወቅም ነበር። ደግሞም የድሉም ወሬ ቢሆን ከሰዎቹ ጋር ያልፋል። መንግሥቱ ወርቁ በ2003 ዓ.ም. ዐረፈ፤ አምበሉ ሉቺያኖም በመስከረም 2015 ዓ.ም. ዐረፈ።

ይህን ኳስ የፈጠረው ሰው እንደ እኔ አስተማሪ መሆኑን ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? ጀምስ ኔይስሚዝ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1891 ክረምት፥ በአሜሪካ ስፕሪንግፊልድ በተባለ ከተማ፥ በወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር፥ በእኛ አጠራር በወወክማ፥ ትምህርት ቤት ሲያስተምር፥ ተማሪዎቹ ብርዱን ሸሽተው ቤት ውስጥ በመዋል ተሰላችተው አስቸገሩት። እርሱም የኮክ ፍሬ መልቀሚያ ሁለት ቅርጫት ሰቅሎ፥ ዐሥራ ሦስት ሕግ አውጥቶ አጫወታቸው። ሕጉን በሁለት ገጽ ወረቀት በታይፕ አስጽፎ ግድግዳ ላይ ለጠፈው። ያች ወረቀት ሳትጣል ቆይታ፥ እ.ኤ.አ. በ2010 በጨረታ ከ4 ሚሊዮን 300 ሺህ ዶላር በላይ ተሸጠች። ዋጋዋን ያወጣው ብልሃቱ ብቻ አይደለም፤ አንድ ሰው ማስቀመጡም ነው።

እናንተ የመንግሥት ሠራተኞች ወዳጆቼ፤ በየመሥሪያ ቤታችሁ መዝገብ ቤት የስንት ስፖርት ቡድን ደብዳቤ አቧራ ለብሶ እንደ ተቀመጠ ከእናንተ የበለጠ የሚያውቅ የለም። መደርደሪያው ይጽዳ ሲባል አብሮ እንዳይቃጠል አደራ። እናንተ ተማሪዎች ደግሞ፥ በእጃችሁ የያዛችሁት ስልክ ያ ፊልም አንሺ ቺካጎን የተከተለበትን ሥራ ሊሠራ ይችላል። ጭፈራ ብቻ አታንሡበት። በሰፈራችሁ ያለውን ሽማግሌ አስቀምጡና፥ «አባባ፥ በወጣትነትዎ ምን ይጫወቱ ነበር? ከማን ጋር?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ስሙንም፥ ዓመቱንም፥ ቦታውንም ጻፉ። አንዱ የነገራችሁን ከሌላው ጋር አስተያዩ፤ የጆርዳንን ሰምቶ የክራውስን እንደ መርሳት እንዳይሆን። እኔ ለተማሪዎቼ የቤት ሥራ አድርጌ ሰጥቻለሁ፤ ነጥብም አለው።

ከእናንተ መካከል አባቱ ወይም አያቱ በ1954 ዓ.ም. ካይሮ ከሄዱት ልጆች አንዱ የሆነ ቢገኝ ደግሞ፥ ዛሬ ማታ ቡና ሲፈላ ይጠይቃቸው። ነገ አይበል።

ያን ሽማግሌ ባለፈው ሰኞ ገበያ ውስጥ አገኘኋቸው። በርበሬ ያስመዝኑ ነበር። ሰላምታ እንኳ ሳንለዋወጥ ከሩቅ አንድ ስም ጮኸው ጠሩ። ያ ግራኙ ልጅ ነው። ሌሊት እንቅልፍ አጥተው ሲያስቡት አድረው፥ ሊነጋ ሲል መጣላቸው። ደብተሬን አውጥቼ እዚያው ቆሜ ጻፍሁት። አምስት ሞሉ።