ወደ ደምበል ደሴቶች ለሚሄድ ቤተ ሰብ

በአዲስ አበባ «ደምበል» ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ የሚሄደው በቦሌ መንገድ ዳር ወደ ቆመው ትልቅ የገበያ ሕንጻ ነው። እኛም የምንኖረው በዚያው ሰፈር ነው። ነገር ግን በዚሁ ስም የሚጠራ ሐይቅ ደግሞ አለ፤ እርሱም ከከተማችን በስተ ደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው፥ ብዙዎቻችን ዝዋይ የምንለው ነው። በውስጡ አምስት ደሴቶች ሲኖሩ ከሁሉ የሚበልጠው ቱሉ ጉዶ ነው፤ በላዩም ደብረ ጽዮን ማርያም ትገኛለች። አባቶች ሲናገሩ እንደ ቆዩት፥ በዮዲት ዘመን ከአክሱም የሸሹ ካህናት ታቦተ ጽዮንን ይዘው በዚህ ደሴት ተጠልለው ነበር። ስለዚህ ኅዳር 21 ቀን ሲቃረብ «ልጆቹን ይዘን ሄደን እንሳለም» የሚል ቤተ ሰብ አይጠፋም።

ሐሳቡ መልካም ነው። ሆኖም የደጋ ሰው ወደ ቈላ ሐይቅ ሲወርድ ሊያውቀው የሚገባ ነገር ስላለ፥ በእኛ ላይ ከደረሰው ጀምረን እንንገራችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሰንበት ነው ብለን ቡናችንን ጠጥተን ረፋድ ላይ ተነሣን። ሐይቁ ዳር የደረስነው ከቀትር በኋላ ነበር። አንድ ሽማግሌ ባለ ጀልባ ውሃውን አይተው «ነፋሱ ተነሥቷል፤ እደሩና በጧት ትሻገራላችሁ» አሉን። እኛ ግን ቸኩለን ስለ ነበር ሌላ ጀልባ ፈልገን ገባን። ከመንገዱ እኩሌታ ሳንደርስ ማዕበሉ ጀልባችንን እያነሣ ይጥላት ጀመር፤ ልጆቹ አለቀሱ፤ በመጨረሻም ርሰን ወደ ነበርንበት ተመለስን። በዚያች ሌሊት ያለ አጎበር አደርን።

ነገሩ በዚህ ያበቃ መስሎን ነበር። በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ግን ታናሺቱ ልጃችን ተንቀጠቀጠች፤ ሰውነቷም ጋለ። እኛም «በውሃው ያገኛት ብርድ ነው» ብለን ሦስት ቀን ሙሉ በዝንጅብልና በዳማ ከሴ ቈየን። ኋላ ሐኪም ዘንድ ስትቀርብ የመጀመሪያው ጥያቄ «ከከተማ ወጥታ ነበርን?» የሚል ሆነ። ደሟ ሲመረመር ወባ ተገኘባት። እግዚአብሔር ይመስገን፥ መድኃኒቱን ጨርሳ ዳነች፤ ነገር ግን አንድ ሁለት ቀን ብንጨምር ምን ይሆን እንደ ነበር ስናስበው ዛሬም ይዘገንነናል።

እንግዲህ ለመሄድ የምታስቡ ሁሉ ይህን ልብ በሉ።

ከቃሊቲ መናኸሪያ በሞጆና በመቂ በኩል የምትሄዱ ከሆነ በዋዜማው ወርዳችሁ በባቱ ከተማ እደሩ፤ ጀልባውንም በማለዳ ያዙ። ሐይቁ 430 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ሲኖረው ጥልቀቱ ግን እጅግ ትንሽ ነው፤ ጥልቅ የተባለው ስፍራ እንኳ ከዐሥር ሜትር አይበልጥም። እንዲህ ያለ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውሃ ነፋስ ሲነካው ፈጥኖ ይናወጣል። የደሴቶቹ ነዋሪዎች ዛዮች የራሳቸው ቋንቋ ያላቸው፥ በሐይቁ ላይ የኖሩ ሕዝብ ናቸውና «ዛሬ አይሆንም» ካሉ ስሟቸው። ለእያንዳንዱ ሰው፥ ለሕፃንም ጭምር፥ የመንሳፈፊያ ሰደርያ በሌለበት ጀልባ አትግቡ። ጉማሬም ስላለ ወደ ደንገሉ መካከል ጠጉ ብላችሁ ባለ ጀልባውን አታስቸግሩ።

ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ቀን ስለሚገባ፥ ለክብረ በዓሉ የሚሄድ ሰው ስንቁ የጾም ነው፤ ዳቦ፥ ቆሎና በሶ ይበቃል። የተጣራ ወይም የፈላ ውሃ፥ ጥላና ዝርዝር ብር አይርሳችሁ። ካህናቱን ሳታስፈቅዱ የብራና መጻሕፍቱን አትንኩ፤ ፎቶግራፍም አታንሡ።

ልጆች ውሃ ሲያዩ መግባት ይወዳሉ፤ ይሁን እንጂ በሐይቁ ዳር ቢልሃርዚያ አለ። የበሽታው ትል ከቀንድ አውጣ ወጥቶ በውሃው ውስጥ ይንሳፈፍና በሰው ቆዳ ዘልቆ ይገባል፤ ስለዚህ ውሃውን አለመጠጣት ብቻ አያድንም፤ እግርን መንከርም ያስይዛል። ልጆቹን ከጀልባ ወደ ደረቅ መሬት አሻግሯቸው።

ወባን በሚመለከት፥ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስትሆን ሐይቁ ግን በ1,640 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ይገኛል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለው ወራትም ወባ የሚበረታበት ነው፤ የኅዳር ጽዮን በዓል የሚውለውም በዚሁ መካከል ነው። ትንኟ የምትናከሰው ከምሽት እስከ ንጋት ስለ ሆነ፥ ማታ እጅጌው ረጅም የሆነ ልብስ ልበሱ፤ መድኃኒት በተነከረ አጎበር ውስጥ ተኙ። ነፍሰ ጡር ሴትና ከአምስት ዓመት በታች ያለ ሕፃን ይበልጥ ይጎዳሉና ከመሄዳቸው በፊት ሐኪም ያማክሩላቸው።

ከሁሉ በላይ ግን የምንለምናችሁ ይህን ነው። ወባ ብዙ ጊዜ የሚገለጠው ከተመለሱ ከአንድ ሳምንት እስከ አንድ ወር ባለው ጊዜ ነው፤ አንዱ ዓይነት ደግሞ በጉበት ተደብቆ ወራት ይቈያል። ስለዚህ ከቤተ ሰቡ ማንም ቢያተኩሰው ጉንፋን ነው ብላችሁ አትቀመጡ፤ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ውሰዱት። ሐኪሙም እስኪጠይቃችሁ አትጠብቁ፤ «ደምበል ሐይቅ ሄደን ነበር» በሉት። የምርመራው ደም አንዲት ጠብታ ናት።

እኛም በተከታዩ ዓመት ተመልሰን ሄድን። በጧት ተሻገርን፤ ሽማግሌው ባለ ጀልባም ልጃችንን አዩና ሳቁ። እናንተንም በሰላም አድርሶ በሰላም ይመልሳችሁ።