አራት ደቂቃ የሚቆም ባቡር

ባለፈው ሰኔ አንድ የቆየ ወዳጄ ከሳይቤሪያ ስልክ ደውሎ ውለታ ጠየቀኝ። የጠየቀኝ ምክር ነበር። የአሥራ ሰባት ዓመት የልጅ ልጁ የ11ኛ ክፍል ትምህርቷን ጨርሳ ከሰፈራቸው ለመውጣት ቆርጣለች። «አንተ ከአገርህ ወጥተህ የኖርክ ሰው ነህ፤ መውጣት ምን እንደሚያስከፍል ታውቃለህ። እኔን አያቷን አልሰማ ብላለች። አንተን ትሰማለችና እባክህ አትሂጂ በላት» አለኝ። እሺም እንቢም ሳልል መሥመሩ ተቋረጠ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በዚያች ዕለት ከአፌ ያልወጣውን መልስ ለማጥራት ነው።

ከዚህ ወዳጄ ጋር የተዋወቅነው በ1980ዎቹ አጋማሽ በኢርኩትስክ ከተማ በአንድ የተማሪዎች ማደሪያ ክፍል አብረን ተደልድለን ነው። (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እንደምጽፍ አንባቢ ይወቅልኝ።) በዚያን ዘመን መንግሥታችን በሺህ የሚቆጠሩ ወጣቶችን ለትምህርት ወደ ሶቪየት ኅብረት ይልክ ነበር። ለጓደኞቼ ሞስኮና ኪየቭ ሲደርሳቸው ለእኔ ሳይቤሪያ ደረሰኝ። የመንዝ ልጅ ነኝና ብርድን አሳምሬ አውቀዋለሁ ብዬ በመጀመሪያው ሰሞን ተኩራርቼ ነበር። ኅዳር ገብቶ የዐይኔ ሽፋሽፍት በበረዶ ተጣብቆ ደጃፍ ላይ እንደ ዕውር ስዳብስ ወዳጄ እስኪያነባ ሳቀብኝ። ከዚያ ወዲህ የመንዝን ብርድ በፊቱ አንሥቼ አላውቅም።

በ1987 የበጋ ዕረፍት እርሱ ወደ አደገባት ሰፈር ይዞኝ ሄደ። ሰፈሯ የምትገኘው በባም ላይ ነው፤ ባም ማለት ከታይሼት ተነሥቶ፣ የባይካልን ሐይቅ በስተሰሜን አልፎ፣ እስከ ፓሲፊክ ውቅያኖስ ዳርቻ 4,300 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚዘልቀው የባይካል-አሙር የባቡር መሥመር ነው። የሰፈሯን ስም አልጠራም። እጅግ ትንሽ ስለሆነች ስሟን መጥራት ነዋሪዎቿን አንድ በአንድ እንደ መጥራት ይቆጠራል። አንድ ጣቢያ፣ አንድ ትምህርት ቤት፣ አንድ ሱቅ፣ አንድ የማሞቂያ ጣቢያ ከነረጅም ጭስ ማውጫው፣ ከዚያ በኋላ ጫካ ነው። ጫካው በየትኛው በኩል እንደሚያልቅ ጠይቄ የመለሰልኝ ሰው አላገኘሁም።

በደረስን በማግሥቱ፣ ወደ ምሽት ገደማ፣ የሰፈሩ ወጣቶች ሁሉ ወደ ጣቢያው ሲተሙ አየሁ። ወንዶቹ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሰዋል። ልጃገረዶቹ በጭቃው ምክንያት የጎማ ቦት ተጫምተው፣ ተረከዘ ረጅሙን ጫማ በእጃቸው አንጠልጥለው ይመጡና መድረኩ ላይ ሲደርሱ ይቀይራሉ። ሠርግ መስሎኝ «ማን ሊመጣ ነው?» ብዬ ወዳጄን ጠየቅሁት። «ማንም፤ ባቡሩን ሊያዩ ነው» አለኝ። ባቡሩ መጣ፤ አራት ደቂቃ ቆመ። አንዲት ሴት በመስኮት በኩል ሻይዋን በብረት መያዣ በተሰካ ብርጭቆ ትጠጣለች፤ አንድ ሕፃን አፍንጫውን መስታወቱ ላይ ለጥፎ ወደ ውጭ ያያል። የወረደም የተሳፈረም አልነበረም። መድረኩ ላይ የቆሙት ወጣቶች ከመስኮት ወደ መስኮት እየተዘዋወሩ በዝምታ ይመለከታሉ። ባቡሩ ሲሄድ ልጃገረዶቹ ቦታቸውን ለውጠው፣ ጫማቸውን መልሰው አንጠልጥለው በጭቃው ወደየቤታቸው ተመለሱ። በዚያች ሰፈር በቆየሁባቸው ሦስት ሳምንታት ይህ አንድ ምሽት እንኳ አልታጎለም።

የሚገርመው፣ የእነዚህ ልጆች ወላጆች ወደዚያ የመጡት በዚሁ ባቡር ተስፋ ነው። በ1974 የሶቪየት ወጣቶች ማኅበር፣ ኮምሶሞል፣ የባምን ግንባታ የወጣቱ ትውልድ ዘመቻ ብሎ አወጀ። ከየሪፐብሊኩ ወጣቶች ዘፈን እየዘፈኑ ተመሙ፤ ሴቬሮባይካልስክን የሌኒንግራድ ሰዎች፣ ኒያን ጆርጂያውያን፣ ኪቼራን ኢስቶኒያውያን፣ ኖቪ ዎያንን ሊቱዋንያውያን ሠሩ። ይኸው 1974 በእኛም አገር ተማሪው ዕድገት በኅብረት ተብሎ ወደ ገጠር እንዲዘምት የታዘዘበት ዓመት መሆኑን ለወዳጄ ስነግረው «ዓለም ሁሉ በዚያ ዓመት ልጆቹን ከቤት አባሯል ማለት ነው» አለኝ። ልዩነቱ የእኛዎቹ ዘማቾች መመለሻ ቀን ነበራቸው። የባም ሰዎች ግን በፉርጎ በተሠሩ ጊዜያዊ ቤቶች «ለሦስት ዓመት» ብለው ገቡና ሦስቱ ዓመት ዕድሜ ልክ ሆነ። ለመኪና መግዣ ከደመወዛቸው እየተቆረጠ የተቀመጠላቸው ገንዘብ በ1992 ዋጋ ሁሉ ሲንር እንደ በረዶ ቀለጠ። ሐዲዱ በ1984 ተገናኝቶ የወርቅ ችንካር ተመታ ቢባልም፣ ከ15 ኪሎ ሜትር የሚበልጠው የሴቬሮሙይስክ ዋሻ ተጠናቆ የተከፈተው በ2003 ነው። ያን ጊዜ ባቡሩን ሲጠብቁ የነበሩት ልጆች ልጆች ወልደው ነበር።

መውጣትን እንደ ዘመናዊ ወረት የሚቆጥሩ ሰዎች ያጋጥሙኛል። ወጣቱ ቴሌቪዥን አይቶ፣ ስልክ ነካክቶ ነው ልቡ የሸፈተው ይላሉ። እኔ ግን በሶቪየት ኅብረት የጋራ እርሻ ገበሬ የአገር ውስጥ ፓስፖርት የማግኘት መብት የተሰጠው በዚሁ በ1974 መሆኑን አስታውሳለሁ። ከዚያ በፊት ለአርባ ዓመታት ያህል፣ የመንደር ሰው ያለ ሸንጎው ፈቃድና ወረቀት ከተማ ሄዶ መኖር አይችልም ነበር። ስለዚህ የገበሬ ልጅ ለወታደርነት ሲጠራ ወይም ፋብሪካ ሲቀጠር ያችን ወረቀት አግኝቶ በዚያው ይቀራል። የመውጣት ናፍቆት የተማረው ከስልክ አይደለም ማለቴ ነው፤ በሩ ተዘግቶ በኖረበት ቤት ውስጥ ከአያት ቅድመ አያቱ የወረሰው ነው። በኖሪልስክ፣ በኮሊማና በቹኮትካ የሚኖሩ ሰዎች የቀረውን የአገራቸውን ክፍል «ማቴሪክ»፣ ማለትም ዋናው የብስ፣ ብለው ይጠሩታል። በካርታ ላይ ቢያዩት እነርሱም ያሉት በዚያው የብስ ላይ ነው። ነገር ግን ኖሪልስክን ከሌላው የሩሲያ ክፍል ጋር የሚያገናኝ የመኪና መንገድም ሆነ የባቡር ሐዲድ የለም፤ የሚገባውና የሚወጣው በአውሮፕላን፣ ወንዙ ሲፈታ ደግሞ በመርከብ ነው። ራሱን ደሴት ብሎ የሰየመ ሰው ባሕሩን ለመሻገር ቢመኝ ምን ይፈረድበታል?

ከሶቪየት ኅብረት መፍረስ በኋላ የሆነውን በአጭሩ ልለፈው፤ የሚያስደስት ታሪክ አይደለም። የላፕቴቭ ባሕር ወደብ የሆነችው ቲክሲ በ1989 ከ11 ሺህ በላይ ነዋሪ ነበራት፤ በ2010 ቆጠራ 5 ሺህ ገደማ ቀርቷታል። የባም ዋና ከተማ የምትባለው ቲንዳ ከ60 ሺህ በላይ ከነበረው ሕዝቧ ወደ ግማሽ ግድም አጥታለች። በኮሊማ ያለችው የከሰል ማዕድን ከተማ ካዲክቻን ደግሞ በ1996 ማዕድኗ ፈንድቶ ከተዘጋ በኋላ ጨርሶ ሰው አልባ ሆነች። ማሞቂያው ሲጠፋ ሰው ይወጣል፤ ከዜሮ በታች 50 ዲግሪ በሚደርስበት አገር ማሞቂያ ጠፍቶበት የሚቆይ አርበኛ የለም።

በ2009 ብሔራዊው የመልቀቂያ ፈተና በመላው ሩሲያ አንድ ወጥና ግዴታ ሲሆን ለሩቅ ሰፈር ልጆች አዲስ በር ተከፈተ። ቀድሞ ሞስኮ ለመማር የሚፈልግ ልጅ የመሳፈሪያ ገንዘብ አዋጥቶ፣ ሄዶ፣ የዩኒቨርሲቲውን የመግቢያ ፈተና እዚያው መቀመጥ ነበረበት፤ ከወደቀ የቤተሰቡን የዓመት ቁጠባ ባቡር ላይ ጨርሶ ይመለሳል። አሁን በሰፈሩ የተፈተነውን ውጤት ይዞ ባለበት ሆኖ ያመለክታል። ፈተናውን የሚያማርሩ ምሁራን ብዙ ናቸው፤ ማሰብን ገደለ፣ ሽምደዳን አነገሠ ይላሉ። ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ያን ትችት ከሚጽፉት መካከል በ1987 እዚያ መድረክ ላይ ጫማ አንጠልጥሎ የቆመ ይኖር ይሆን ብዬ እጠራጠራለሁ።

የወዳጄ ክርክር ቀላል አይደለም፤ አቃልዬ ላሳልፈው አልፈልግም። «አንዷ ስትሄድ አንዲት ልጅ ብቻ አይደለችም የምትሄደው» ይላል። በትምህርት ቤቱ ያሉት ልጆች ቁጥር ከተወሰነ በታች ሲወርድ የላይኞቹ ክፍሎች ይዘጋሉ፤ ክፍሎቹ ሲዘጉ መምህራኑ ይሄዳሉ፤ ሐኪም የነበረበት ጤና ጣቢያ በአንዲት ነርስ ይቀራል፤ ሱቁ ዳቦ የሚያመጣበት ቀን ይቀንሳል። ከዚያ የቀሩት ወጣቶችም መቅረት አይችሉም። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ሰፈሪቱን በሕይወት የማቆየት ዕዳ ለምን በአንዲት የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ጫንቃ ላይ ወደቀ? ሰፈሪቱን በሐዲዱ ዳር የቆረቆራት መንግሥት ነው፤ ሠሪዎቿን በፉርጎ ቤት ረስቶ የተዋቸውም እርሱው ነው። የመንግሥትን ቃል በልጅ ዕድሜ እንድንከፍል የሚጠይቀን ክርክር፣ ምንም ያህል እንባ ቢኖረው፣ ልቤ አይቀበለውም።

አንድ ነገር ግን መለየት አለብኝ። ሐዲዱ ከመምጣቱ አስቀድሞ በዚያ አገር ኤቬንኮች ነበሩ፤ አጋዘን የሚያረቡ፣ ጫካውን ማለቂያ እንዳለው አድርገው የሚያውቁት እነርሱ ብቻ ናቸው። ባም የአጋዘኖቻቸውን መንገድ ቆረጠ፤ ልጆቻቸውም ለትምህርት ወደ አዳሪ ቤት እየተወሰዱ ቋንቋቸውን እየረሱ አደጉ። ለኤቬንክ ልጅ መውጣት ማለት ሌላ ትርጉም አለው፤ የሚተወው ሥፍራ የአንድ ግንባታ ትራፊ ሳይሆን ሌላ የትም የማይገኝ አገሩ ነው። ለወዳጄ የልጅ ልጅ የምናገረውን ለኤቬንክ ልጅ ለመናገር አልደፍርም፤ ለእርሱ መናገር የሚገባው የራሱ ወገን ነው።

ከሁሉ የሚያስጨንቀኝ ግን ሌላው በር ነው። በመስከረም 2022 በሩሲያ ከፊል የክተት ዐዋጅ ታውጆ 300 ሺህ ሰው ሲጠራ፣ በያኩትስክ ሴቶች አደባባይ ወጥተው በያኩት ሕዝብ የክብ ጭፈራ፣ በኦሱኦኻይ፣ ፖሊሱን ከብበው «ልጆቻችንን ተዉልን» ሲሉ ዓለም አይቷቸዋል። ከዚያ በኋላ ደግሞ ጥሪው በገንዘብ ሆነ። በ2024 ክረምት ውል ለሚፈርም ሰው ከፌደራል መንግሥቱ ብቻ 400 ሺህ ሩብል በአንድ ጊዜ እንዲሰጥ ተወሰነ፤ የየክልሉ ጭማሪ ሲታከልበት፣ አባቱ በዓመታት የማያየውን ገንዘብ የሰፈር ልጅ በአንድ ፊርማ ያገኛል። ወዳጄ እንደ ነገረኝ፣ ከልጅቱ ታላቅ ወንድም እኩዮች ሦስቱ በዚህ በር ወጥተዋል። አንዱ ተመልሷል፤ በቆመበት ሳይሆን ተሸክመውት። ያን ቀን ባቡሩ አራት ደቂቃውን ጠብቆ ቆመ፤ መድረኩ ላይም በ1987 እንዳየሁት ሰው ሞልቶ ነበር አለኝ።

እንግዲህ ወጣት ሁሉ የሚወጣ ከሆነ፣ በመጽሐፍ በኩል መውጣቱን እመርጣለሁ። ይህ የእኔ አቋም ነው፤ ወዳጄን እንደሚያሳዝነው አውቃለሁ።

ስለ ራሴ ጥቂት ልበል። እናቴ ከመንዝ ወደ ደብረ ብርሃን ለትምህርት ስሄድ በቆሎ ጠብሳ፣ ዳቦ ቋጥራ እስከ ወንዙ ሸኘችኝ። «ሂድ» አለችኝ እንጂ «ተመለስ» አላለችኝም። ለብዙ ዓመታት ይህን እንደ ቅሬታ ይዤው ኖርኩ። ከኢርኩትስክ ተመልሼ አዲስ አበባ ሥራ ከያዝኩ በኋላ በየበዓሉ ብቅ እል ነበር፤ እንደ እንግዳ ፍራሽ ይነጠፍልኛል፣ እንደ እንግዳ ተሸኝቼ እመለሳለሁ። ከሞተች በኋላ ያ ቤት ተዘግቶ ጣራው ወደቀ። ወዳጄ ስለ ሰፈሩ ሲናገር የምሰማው ይህን ጣራ ነው፤ ስለዚህ በቁጣው ልፈርድበት አልችልም። እናቴ ግን «ቅር» ብትለኝ ኖሮ ዛሬ ምን እሆን ነበር ብዬ አስባለሁ። ጣራውን እጠግን ነበር፤ እርሱ እውነት ነው።

ባለፈው ሳምንት ልጅቱን በስልክ አገኘኋት። ሩስኛዬ ዝጓል፤ ታግሣ ሰማችኝ። አትሂጂ አላልኳትም። ይልቅ አያቷ ድንች በሚያወጣበት ወራት በየዓመቱ እንድትመለስ፣ በመጀመሪያው ዓመት ገንዘብ ቢያጥራት እንኳ ከእኔ ወስዳ እንድትመለስ ቃል አስገባኋት። ምን ልትማሪ ነው ስላት ነርስነት አለችኝ፤ የጤና ጣቢያቸውን አንዲት ነርስ አስባ እንደ ሆነ ልጠይቃት ፈልጌ ተውኩት።

ቀጥሎ አያቷ ስልኩን ተቀበላት። የነገርኳትን ነገርኩት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ፤ የምድጃው እንጨት ሲንጣጣ ይሰማኛል። ዝምታው ሲከብደኝ «ባቡሩ አሁንም አራት ደቂቃ ነው የሚቆመው?» አልኩት።

«ሁለት» አለኝ። «ሻንጣዋን አስቀድሜ መድረኩ ላይ ማድረስ አለብኝ።»