ሰኔ ሲገባ የሚገኘው ብር

አዲስ አበባ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ «በጀት የለም» ሲል የከረመ ወረዳ ሰኔ ሲገባ በድንገት ሀብታም ይሆናል። ግንቦት ላይ የሚያፈስ ቧንቧ ማስጠገኛ ያጣው ጽሕፈት ቤት ሰኔ አጋማሽ ላይ ሠራተኞቹን በአውቶቡስ ጭኖ ቢሾፍቱ ወይም አዳማ ይወርዳል። ባነር ይሰቀላል፣ ቲሸርት ይታደላል፣ ውሎ አበል ይፈረማል። የስልጠናው ርዕስ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? «የአገልግሎት አሰጣጥን ማሻሻል»!

የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ተከፍቶ ሰኔ 30 ይዘጋል። በመካከሉ ያለውን ጉዞ ጉዳይ ኖሮት ወረዳ የተመላለሰ ሁሉ ያውቀዋል። ሐምሌና ነሐሴ «አዲሱ በጀት ገና አልተለቀቀም» ነው። መስከረም ዕቅድ እየተከለሰ ነው። ኅዳር ላይ ግዥ ክፍሉ ፕሮፎርማ እየሰበሰበ ነው። የካቲት ላይ ዋጋ ስለጨመረ ፕሮፎርማው እንደገና ይሰበሰባል። ሚያዝያ ላይ ኃላፊው ተዛውሯል፤ አዲሱ ደግሞ ገና ከሥራው ጋር እየተዋወቀ ነው። ሰኔ ሲመጣ ግን ያ ሁሉ ቀርፋፋ እጅ ይፈታል። አሥራ አንድ ወር ሙሉ ጠፍቶ የነበረው ፈራሚ ቅዳሜም ቢሮ ይገባል። የፋይናንስ ክፍሉ መብራት እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ይበራል። ነጋዴውም ለምዶታል፤ «የሰኔ ደንበኞች መጡ» ብሎ ዕቃውን ያዘጋጃል።

ሌብነት ነው ብሎ መገላገል ይቀል ነበር። ሌብነቱ የለም አልልም። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን አብዛኛው ሕጋዊ መሆኑ ነው። ደረሰኙ ሙሉ ነው፣ ፊርማው አለ፣ ፕሮፎርማው ሦስት ነው። ኦዲተር መጥቶ ቢያገላብጠው የጎደለ ሣንቲም ላያገኝ ይችላል።

ነገሩ የሚመነጨው ከራሱ ከአሠራሩ ነው። የፌዴራሉ የፋይናንስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 648/2001ም ሆነ በየደረጃው ያለው አሠራር፣ በዓመቱ መጨረሻ ሥራ ላይ ያልዋለ ገንዘብ ተመላሽ ይሁን ይላል። በወረቀት ሲያዩት ክፋት የለውም፤ የሕዝብ ገንዘብ በየመሥሪያ ቤቱ ኪስ ተወሽቆ እንዳይቀር ነው። ችግሩ የሚጀምረው የቀጣዩ ዓመት በጀት በሚጠየቅበት በበጀት ስሚው ላይ ነው። ቆጥቦ የመለሰ ኃላፊ «ዘንድሮ ካልተጠቀምክበት ለከርሞ ምን ያደርግልሃል?» ይባልና ይቀነስበታል። ሙልጭ አድርጎ የጨረሰው ይጨመርለታል። በግምገማ መድረክ ላይም «የበጀት አጠቃቀማችን መቶ በመቶ ሊደርስ ትንሽ ቀረው» ሲል ይጨበጨብለታል። እስኪ ወሩ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ጓዳ የተረፈውን ጤፍ ደጅ ደፍታ «አጠቃቀሜ መቶ በመቶ ነው» የምትል የቤት እመቤት አምጡልኝ! እኛ ሠፈር እንዲህ ያደረገች ሴት ጠበል ትወሰዳለች።

ባለፈው ዓመት ሰኔ መጀመሪያ ላይ አክስቴን የደም ግፊት መድኃኒቷን ላስወስድ ጤና ጣቢያ ይዣት ሄድኩ። የጤና መድኅን መዋጮዋን በጊዜው የከፈለች ሴት ናት፤ ካርዷን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ነው የምትይዘው። ወረፋ ጠበቅን፣ ተመረመረች፣ ማዘዣ ተጻፈ። የመድኃኒት መስኮቱ ጋ ስንደርስ ልጅቷ ማዘዣውን አየት አድርጋ «እማማ፣ ይሄኛው የለም፤ ከውጭ ይግዙት» አለቻት። አነጋገሯ ትሕትና ነበረው፤ በእሷ አልፈርድም። አክስቴ «ከመቼ ጀምሮ ነው የሌለው?» ስትላት ልጅቷ ትከሻዋን ሰበቀች። ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ ላስቲካቸው ያልተገፈፈ ተሽከርካሪ የቢሮ ወንበሮች እስከ መስኮቱ ድረስ ተደርድረዋል። ሁለት የጉልበት ሠራተኞች ሌላ ጭነት እያወረዱ ነበር። ጥበቃው የት እንደሚያስቀምጧቸው ግራ ገብቶት «ክፍሉማ ሞልቷል» ይላቸዋል።

ወንበር ለምን ተገዛ? ቶሎ ስለሚገዛ። መድኃኒት ትንበያ ይፈልጋል፣ ውል ይፈልጋል፣ የአቅራቢን ተራ መጠበቅ ይፈልጋል፤ በሦስት ሳምንት አያልቅም። የተሰነጠቀ የመማሪያ ክፍል ጣሪያም፣ የሕዝብ መጸዳጃ ቤትም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ሰኔ ላይ ከተማው የሚገዛው የሚያስፈልገውን ሳይሆን በፍጥነት ሊከፈልበት የሚችለውን ነው፤ ወንበር፣ ወረቀት፣ ቶነር፣ ስልጠና። መቆፈርም አለ። ክረምቱ ደጅ ላይ ቆሞ እያየ የውስጥ ለውስጥ ኮብልስቶኑ ይነቀላል፣ ቦይ ይከፈታል፣ ሐምሌ ላይ ጎርፉ አፈሩን መልሶ ይሞላዋል። ያ ቦይ ግን በወረቀት ላይ «ተጠናቋል»።

ብር የለም የሚለውን ደግሞ ማንም አይንገረኝ። የከተማዋ በጀት በ2016 ከ140 ቢሊዮን ብር በላይ ነበር፤ በ2017 ከ230 ቢሊዮን አለፈ፤ ለ2018 የጸደቀው 350 ቢሊዮን ገደማ ነው። እርግጥ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ተመን ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ብሩ ራሱ ያው ብር አይደለም፤ ይህን እቀበላለሁ። ቢሆንም የኮሪደር ልማቱን ያየ ሰው ይህ አስተዳደር ሲፈልግ ሌት ተቀን መሥራት እንደሚችል አይቷል። ፒያሳን በወራት ውስጥ አፍርሶ የሠራ እጅ፣ የአንድ ጤና ጣቢያን የመድኃኒት ግዥ ከኅዳር እስከ ሰኔ የሚያንከባልለው አቅም አጥቶ ነው? የእግረኛ መንገዱ መብራት ለጎብኚ ይታያል። ባዶው የመድኃኒት መደርደሪያ የሚታየው ለአክስቴ ብቻ ነው።

መላ የለውም እንዳይባል፣ ጤና ጣቢያዎች ከሕክምና የሚሰበስቡትን የውስጥ ገቢ ለራሳቸው እንዲጠቀሙበት ከተፈቀደላቸው ብዙ ዓመት ሆኗል። ያን ገንዘብ በቦርዳቸው እያስወሰኑ ያንቀሳቅሱታል። ተመሳሳይ ሕግ ለወረዳ የጥገናና የመድኃኒት በጀት ማውጣት ምን ይከብዳል? ሰኔ 30 ላይ ውል የታሰረበት ገንዘብ ለሐምሌ ይሻገር። ከግንቦት በኋላ ለስልጠናና ለልምድ ልውውጥ አንድ ብር ውሎ አበል አይከፈል። በየወረዳው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መጋቢት ላይ የቀረው ብር በየርዕሱ ይለጠፍ፤ ሰሌዳው እንደሆነ የስብሰባ ጥሪ ብቻ ተሸክሞ ነው የሚውለው። ከሁሉ በላይ ደግሞ «የበጀት አጠቃቀም» የሚለው መለኪያ ከግምገማው ቅጽ ላይ ይሰረዝ። በቦታው ሌላ ይጻፍ፦ በዚህ ዓመት «የለም፤ ከውጭ ግዙ» የተባለው ሰው ስንት ነው?

የከተማዋ ምክር ቤት 138 መቀመጫ አለው። በየዓመቱ የምንሰማው ዜና ግን አንድ ነው፤ በጀቱ ቀረበ፣ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ፣ ተጨበጨበ። የወረዳችን ተወካይ ሆይ፣ በሚቀጥለው ጊዜ እጅዎን ከማንሳትዎ በፊት አንድ ነገር ይጠይቁልን። ባለፈው ሰኔ ብቻ በወረዳችን ለውሎ አበል፣ ለቲሸርትና ለወንበር የወጣው ስንት ነው? መልሱን ይዘው ይምጡና በአዳራሽ ይንገሩን። መቀመጫ አያሳስብዎት፤ ወንበር ሞልቷል።