መሐላ ብቻ ከአረቄ አያድንም

በከላላም ሆነ በመካነ ሰላም፥ ሰው በአረቄ ሲያዝ ዘመድ የሚያውቀው መድኀኒት አንድ ነው፤ በመስቀል ፊት ማስማል። የማለው በወሩ ወደ መለኪያው ቢመለስ «መሐላ አፈረሰ» ተብሎ ይጣላል። ይህ ልማድ የሚያድን መስሎ የሚያጠፋ ነው፤ በመጠጥ ብቻ ታስሮ የነበረውን ሰው በኀፍረትም ያስረዋልና።

ጠፍቶ የተገኘው ልጅ እንኳ (ሉቃ. 15) በአንድ እርምጃ ከቤቱ አልደረሰም። አስቀድሞ ሳያስብ ገንዘቡን በተነ፤ ተርቦ ወደ ልቡ ተመለሰ፤ የሚናገረውን አሰናዳ፤ ከዚያም ተነሥቶ ሄደ። ፕሮቻስካና ዲክሌሜንቴ የተባሉ የአሜሪካ የሥነ ልቡና ሊቃውንትም ትንባሆ የሚተዉ ሰዎችን መርምረው፥ ለውጥ በደረጃ እንደሚሄድ፥ ተመልሶ መውደቅም በመንገዱ እንደሚያጋጥም በ1983 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ጽፈዋል።

እንግዲህ መተውን ገና ያላሰበውን ማስማል ያልደረሰ እህል ማጨድ ነው። እርሱን መምከር፥ የሚያመነታውን ጉዳቱን ማስመዘን፥ የቈረጠውን ከአረቄ ቤት መንገድና ከጠጪ ባልንጀራ ማራቅ፥ የተወውን በየጊዜው መጐብኘት ይገባል። ብዙ ዘመን አብዝቶ የጠጣውማ በድንገት ቢያቆም ለሞት የሚያደርስ ሕመምና መንቀጥቀጥ ሊያገኘው ይችላልና፥ ከመሐላው አስቀድሞ ሐኪም ያሻዋል።

«ይህ ኀጢአትን ማቃለል ነው» የሚል ይኖራል። አይደለም። ጴጥሮስ የይቅርታን ቍጥር በሰባት ሊወስን በጠየቀ ጊዜ፥ ጌታ ወሰኑን አፈረሰበት እንጂ ኀጢአትን አላቃለለም።

የንስሐ አባቶች ሆይ፥ የወደቀው ልጃችሁ ሲመጣ ስንት ጊዜ እንደ ማለ አትቍጠሩ፤ ከየትኛው ደረጃ እንደ ደረሰ ጠይቁት፤ ከዚያም አንሡት።