በጓ የት ሄደች?

ደጎሎ፣ አንድ ዘመዴ ቤት ቡና ተፈልቶ ተቀምጠናል። የአራተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው የቤቱ ልጅ ጠፍታባት ስለነበረች በግ ታወራናለች። ጉሙ እንዴት እንደወረደ፣ በጓ ከየትኛው ገደል አፋፍ እንደጮኸች፣ እሷ ደግሞ ከገደሉ ይልቅ አባቷን እንዴት እንደፈራች... ሲኒያችን እስኪቀዘቅዝ ሰማናት። ቀጥላ ደብተሯን አመጣችልኝ። ያንኑ ታሪክ በድርሰት ክፍለ ጊዜ ጽፋዋለች፦ «በጌ ጠፋች። ፈለግኋት። አገኘኋት። ተደሰትኩ።» ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ «አጭር ነው» ተብሎበታል።

«ጋሼ፣ ምን ልጨምርበት?» አለችኝ።

ያናደደኝ ያ ቀይ ቀለም ነው። አጭር መሆኑንማ እሷም ታውቃለች! እንዴት እንደሚረዝም ማን አሳያት? ርዕስ ሰጥቶ «አንድ ገጽ ጻፉ» ማለት ማዘዝ እንጂ ማስተማር አይደለም። ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ከፊቴ ይቀመጡ የነበሩት ወጣቶች የዚሁ ትእዛዝ ውጤቶች ነበሩ። መግቢያቸው ያምራል፤ ሁለተኛው ገጽ ላይ ታሪኩ ይሞታል።

መፍትሔው እኮ ርካሽ ነው። ወረቀቱን ሁለቴ አጥፎ አራት ሳጥን ማውጣት፣ ታሪኩን በየሳጥኑ መሳል፣ ከዚያ መጻፍ። ፈረንጆቹ «ስቶሪቦርድ» ይሉታል፤ በ1930ዎቹ መጀመሪያ የዋልት ዲስኒ ስቱዲዮ ካርቱን ለማቀድ የተጠቀመበት ዘዴ ነው። «ደግሞ የፈረንጅ ነገር!» የምትሉ ካላችሁ የንግሥተ ሳባን ስዕል ተመልከቱ። ሠዓሊዎቻችን ያን ታሪክ ብዙ ጊዜ በ44 ሳጥን ከፋፍለው ይስሉታል። ሰሎሞን ያለ ፈቃዱ አንዳች እንዳትነካ አስምሎ ቅመም የበዛበት ግብር ያበላታል፤ ሌሊት ውሃ ስትጠጣ ትያዛለች። የግብሩን ሳጥን ብታወጡት የውሃው ሳጥን ትርጉም ያጣል። የታሪክ ዕቅድ ማለት ይኸው ነው፤ ሳጥን መደርደር ሳይሆን «ይህ ለምን ከዚያ በኋላ መጣ?» ብሎ መጠየቅ።

«ማንበብ ያልቻለ ልጅ ስዕል ምን ያደርግለታል?» የሚሉኝ አሉ። ጭንቀታቸው እውነት ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. በበርካታ ክልሎች በተደረገ የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 ከመቶ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ታዲያ የገዛ በጉን ከሳለ ልጅ በላይ «በግ» የሚለውን ቃል ለማንበብ የሚጓጓ ማን አለ?

እኔ የምፈራው ሌላ ነገር ነው። ነገ ይህም ቅጽ ይሆንና «ሳጥን አንድ መግቢያ፣ ሳጥን አራት መደምደሚያ» ተብሎ በማርክ ይታሰራል። ያኔ ቀዩ እስክሪብቶ አሸነፈ ማለት ነው። መምህሩ ሳጥኑን ይስጥ፤ ውስጡን ለልጁ ይተውለት።

ለዚያች ልጅ አራት ሳጥን አወጣሁላት። በመጀመሪያው አባቷን ከነዱላው በር ላይ አቆመችው።

«በጓስ የት ሄደች?» አልኳት።

«ቆይ ጋሼ፣ መጀመሪያ የፈራሁት ይግባልህ።»

ማታውን ሁለት ገጽ ጻፈች።